በአንድ ጣት የጠበበው ካፍ

ነገሌ ውስጥ ሃያ ዓመት ኖሮ እኔ የሰፋሁትን ልብስ ያልለበሰ ሰው ካለ፣ ወይ ራቁቱን ነው የሚሄደው ወይ ይዋሻል። ይህን የምጽፈው ራሴን ለማመስገን አይደለም። እኔን ማመስገን ከሚገባቸው ሰዎች ግማሾቹ አርፈዋል፣ ግማሾቹ ከተማውን ለቀዋል፤ ሥራው ለኔ ስለቀረ ነው።

ወደዚህ አገር ያመጣኝ ውትድርና ነው። መንግሥት ሲለወጥ ጓደኞቼ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ባገኙት መኪና ላይ ተሳፈሩ፤ እኔ የምሄድበት ስላልነበረኝ ካምፑ አጠገብ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ቀረሁ። በዚያ ሰሞን አንዲት የመኮንን ሚስት ከካምፑ ስትወጣ መሸከም የከበዳትን የእጅ ስፌት መኪና በሬ ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች። መስፋት አላውቅም ነበር። አስተማሪም አልነበረኝም። የራሴን የወታደር ኮት በምላጭ ክር በክር ፈታሁት፤ ቁርጥራጮቹን መሬት ላይ ዘርግቼ እንደ ካርታ አጠናኋቸው፤ ከዚያ መልሼ ሰፋሁት። ደግሜ ፈታሁት፣ ደግሜ ሰፋሁት። በሦስተኛው ላይ ኮቱ መንግሥት ከሰጠኝ ጊዜ ይልቅ ትከሻዬ ላይ ተቀመጠ። ዓመቱ ሳያልቅ ከወደራ ድረስ ሱሪ ሊያሰፉ የሚመጡ ሰዎች ነበሩኝ።

ኦሮምኛውንም የተማርኩት እንዲሁ ነው፤ ልክ እየወሰድኩ። ሰው ክንዱን ዘርግቶ ሲቆም ብዙ ያወራል።

አንድ ሕግ ነበረኝ። አካሉን ሳልለካ ጨርቁን አልቆርጥም። ሰዎች አሮጌ ሱሪያቸውን ይልኩልኝና በዚህ ልክ ስፋልኝ ይሉኛል፤ እመልሰዋለሁ። ሱሪው ከተሰፋ ወዲህ ሰውየው ወፍሯል ወይም ከስቷል፤ ሱሪው ግን ይህን አያውቅም። ባለቤቱ ራሱ ይምጣ። በዚህ ምክንያት ትዕቢተኛ ይሉኝ ነበር። ይበሉ። በዕድሜዬ ይህን ሕግ የጣስኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የምጽፈውም ስለዚያ ጊዜ ነው።

የከተማችን ሆስፒታል አንሶላውን፣ መጋረጃውን፣ ሐኪሞቹ የሚለብሱትን ጋውን የሚያሰፋው እኔ ዘንድ ነበር። የዛሬ አሥር፣ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል የምትሠራ ሲስተር ወደ ሱቄ መጣች። የአንድ ወንጌላዊ ልጅ ናት፤ መርፌ ስትወጋም አንሶላ ስትቀይርም መዝሙር ታንጎራጉራለች። በፌስታል ጠቅልላ ያመጣችው ከመዳፌ የማይበልጥ ቁራጭ ጨርቅ ነው፤ ቀጭን ቱቦ ተንጠልጥሎበታል። የአዋቂውን አውቀዋለሁ። ክንድ ላይ ይጠመጠማል፣ አየር ሲገባበት ይነፋና ክንዱን ይጨብጣል፣ ከዚያ ማሽኑ የደም ግፊቱን ያነባል። ሐኪሞቹ ካፍ ይሉታል። ይህኛው ግን የአራስ ልጅ ካፍ ነው፤ በክፍሉ ውስጥ ያላቸውም እሱ ብቻ ነበር። ሌላ ጠይቀው አልመጣም። ይሄኛው ደግሞ ጠርዙ ላይ አየር ማፍሰስ ጀምሯል።

«ሱሪ አይደለም ጋሼ፤ ይችሉታል?» አለችኝ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ እኔን ምን እንደሚያደርገኝ ሲስተሯ አሳምራ ታውቃለች።

ማታውኑ ስፌቱን ፈታሁት። ውስጡ እንደ ትንሽ ኪስ ያለ የላስቲክ ፊኛ አለ፤ የሚያፈስሰው እሱ ነው፤ አንደኛው የረጅሙ ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጣጥቋል። የተሰነጣጠቀ ላስቲክ ላዩ ላይ ቢለጠፍበት አይይዝም፤ ጎማ ያስለጠፈ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ የታመመውን ወገን በመቀስ ቆርጬ ጣልኩት፤ የቀረውን ጤነኛ ላስቲክ በማስቲሽ አጣበቅኩት፤ ውኃ ውስጥ ነክሬ ስነፋው አንዲት አረፋ አልወጣችም። ፊኛው ስለጠበበ ጨርቁንም አብሬ አጠበብኩት። ጨርቁ ላይ ቀጫጭን መስመሮችና አንዲት ቀስት ታትመው ነበር። የፋብሪካ ጌጥ መሰሉኝ፤ ከቁራጩ ጋር ሄዱ። ዙሪያውን በድርብ ስፌት ዘጋሁት። ስንት እንደቀነስኩ አልለካሁም። የሚለብሰውም ሰው አጠገቤ አልነበረም።

ሲስተሯ በማግሥቱ መጥታ ካፉን ገልብጣ ገልብጣ አየችው። የተጠገነበትን ቦታ አጣችው። ከፋብሪካ አሁን የወጣ ይመስላል ብላ ሄደች። ያ ቃል ለአንድ ወር ከአፌ አልጠፋም። ለሻይ ቤቱ ሰው፣ ለባጃጅ ነጂዎቹ፣ ጡረታ ለወጣው ኮሎኔል ሳይቀር ነግሬያለሁ፤ የነገሌ ሕፃናት የደም ግፊት የሚለካው በኔ እጅ ሥራ ነው ብዬ።

ወሩ ሲሞላ አዲስ መጋረጃ ተሸክሜ ሆስፒታሉ ግቢ ገባሁ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ከጨቅላ ሕፃናት ክፍል ፊት ለፊት አምቡላንስ ቆሟል፤ ሞተሩ ይንተከተካል። በረንዳው ላይ አንዲት ረጅም፣ ቀጭን የጉጂ አሮጊት በትሯን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ተቀምጣለች። አውቃታለሁ፤ ለልጆቿ የዓመት በዓል ልብስ የሰፋሁት እኔ ነኝ። በአገሩ ቋንቋ አኮ እላታለሁ፣ አያት ማለት ነው።

«አካም አኮ፣ ናጋ?» ብዬ ሰላምታ ሰጠኋት።

ናጋ አለችኝ፤ ፊቷ ላይ ግን ሰላም አልነበረም። አጠገቧ ተቀመጥኩና አወጋችኝ። ልጇ ከአራት ቀን በፊት ወንድ ወልዳለች። ሕፃኑ ይጠባል፣ ይተኛል፣ እንደ ማንኛውም ሕፃን ያለቅሳል። እናቱ ግን ትኩሳት ይዟት ከአልጋ አልተነሳችም። ትናንትና ዛሬ ልጁን ሲለኩት የደም ግፊቱ ከፍ ብሎ ተገኘ። ኩላሊቱ ወይም ልቡ ላይ የተደበቀ ነገር ሊኖር ይችላል ተብሎ ወደ ሐዋሳ እንዲሄድ ተወስኗል። እናትየው ከአልጋ መነሳት ስለማትችል ሕፃኑን ታቅፋ የምትሄደው አኮ ናት፤ ጡት የሌላት አኮ።

ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። የልጇ የመጀመሪያ ልጅም ታሞ በዚያው መንገድ ተልኮ ነበር። መንገዱ የሚያልፍበት ቦሬ ደጋ ላይ፣ ጉሙ ውስጥ፣ አኮ ክንድ ላይ አረፈ።

«ቦሬ ብርድ ነው» አለች፣ ወደ አምቡላንሱ እያየች። «አንድ ሰጥቼዋለሁ። ሁለተኛ አልሰጠውም።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። የአኮ አማርኛ ሰውን ሁሉ አንተ ነው የሚለው፤ ሐኪሙንም፣ ዳኛውንም።

«አንተ አባ መርፌ፣ ሁሉን አውቃለሁ ትላለህ። ይሄን መንገድ ታስቀራለህ?»

እጠይቃለሁ ብያት ተነሳሁ። ምን እንደምጠይቅ አላወቅኩም፤ ግን ሁሉን ታውቃለህ ለተባለ ሰው ቁጭ ብሎ መቅረት አይሆንለትም።

ሲስተሯ ውስጥ የሕፃኑን ጨርቃ ጨርቅ ለመንገድ ትጠቀልላለች። መዝሙር የላትም። መጋረጃውን ተቀበለችኝና ሳልጠይቃት ማውራት ጀመረች። በዚህ ወር ግፊቱ ከፍ ያለ ሕፃን ሲገኝ ይሄ ሦስተኛው ነው አለችኝ፤ ድሮ ግን እንዲህ ያለ ነገር በስንት ጊዜ አንዴ ነበር የሚያዩት። ሁለተኛው ለድጋሚ ምርመራ ተቀጥሮ ቤቱ ነው። የመጀመሪያው ሐዋሳ ተልኮ በሳምንቱ ተመልሷል፤ ወረቀቱ ላይ ምንም አልተገኘበትም፣ ግፊቱም ልክ ነው ይላል።

«የቦሬ ብርድ ፈወሰው መሰለኝ» ብላ በድካም ፈገግ አለች።

እኔም ሳቅኩ። ሳቄ ሳያልቅ ግን የጠገንኩት ካፍ ትዝ አለኝ። ይህ ነገር ከመቼ ወዲህ ነው አልኳት። አንድ ወር ይሆነዋል አለች። ሐዋሳ ላይ ልጁን የለኩት በምንድን ነው አልኳት። በራሳቸው ካፍ ነዋ አለች፣ ግራ ገብቷት።

ወጣሁ። እውነቱን ልጻፈው፤ የሄድኩት ወደ ዋናው በር ነው። አንድ ወር ሙሉ ከተማው ውስጥ ስነፋው የቆየሁትን ነገር አሁን በራሴ አፍ ላፍርሰው? ሲስተሯ የተጠገነበትን ቦታ እንኳ ለይታ አታውቀውም። ሌላ ማን ሊያውቅ? ዝም ብል ልጁ ሐዋሳ ይደርሳል፣ እዚያ በደህና ካፍ ይለካል፣ ምንም የለበትም ተብሎ ይመለሳል። ከደረሰ ማለት ነው።

ጥበቃው ጋ ስደርስ ዞሬ አየሁ። አኮ ልጁን ከሲስተሯ ተቀብላ በጋቢ ስትጠቀልለው አንዲት ክንድ ከጋቢው ወጥታ ነበር፤ እንደ ሙዝ የምታክል ቀይ ክንድ። ያችን ክንድ ካለሁበት ሆኜ በዓይኔ ለካኋት። ዓይኔ አይስትም፤ ዙሪያዋ አሥር ሳንቲ ሜትር። ካፉን ደግሞ እጄ ያስታውሰዋል፤ ወርዱ ከሁለት ተኩል አይበልጥም። አንድ ጣት ሙሉ አጥብቤዋለሁ።

የሰው ወገብ በሰፊ መቀነት ሲታሰርና በሲባጎ ሲታሰር አንድ አይደለም። መቀነት ትንሽ ሳብ ቢያደርጉት ወገብን እቅፍ ያደርጋል። ሲባጎ ያንኑ ያህል እንዲይዝ ከተፈለገ እስኪቆርጥ ድረስ መሳብ ነው። እኔ ለዚያ ልጅ መቀነቱን ሲባጎ አድርጌበት ነበር። ማሽኑ የሚያነበው የልጁን ደም ሳይሆን የሲባጎውን ጉልበት ነው። ይህን ማንም አላስተማረኝም። ጥበቃው ቤት አጠገብ ቆሜ በገዛ ጭንቅላቴ ደረስኩበት፤ ዛሬም ድረስ በዚህ እኮራለሁ።

ተመለስኩ።

የጨቅላ ሕፃናት ክፍሉ ዶክተር ከያቤሎ ተዛውራ ከመጣች ሁለት ሳምንቷ ነው። አጭር፣ ቁጥብ፣ ሰው ሲያናግራት እስኪጨርስ የምትጠብቅ ልጅ ናት። ልጁን ወደ ሐዋሳ የሚልከው የሪፈር ወረቀት ላይ ፊርማዋን ልታሳርፍ ስትል ደረስኩ።

«ዶክተር፣ የታመመው ልጁ ሳይሆን ካፉ ነው» አልኳት። «ያሳመምኩትም እኔ ነኝ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ማን እንደሆንኩ በትሕትና ጠየቀችኝ። ሲስተሯ አስረዳቻት። ዶክተሯ ካፉ ተጠግኖ እንደሚያውቅ ማንም አልነገራትም ነበር፤ ካፉን አንስታ በመስኮቱ ብርሃን አገላበጠችው። ስፌቴን አላገኘችውም። በዚያች ሰዓት እንኳ፣ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ምላጬን አወጣሁና የገዛ ድርብ ስፌቴን ከዳር እስከ ዳር ተረተርኩት። ፊኛውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ከአንገቴ ላይ ሜትሬን አውርጄ አጋደምኩበት። ሁለት ተኩል።

ዶክተሯ ሜትሩን ከእጄ ወሰደችና ወደ በረንዳው ወጣች። የልጁን ቀኝ ክንድ ከጋቢው አውጥታ በትከሻውና በክርኑ መሐል ላይ ዞረችበት። አሥር። ያለ አንዲት ስንጥር ስሕተት፣ በዓይኔ የለካሁት ልክ።

ተመልሳ ስትመጣ የፊኛው ወርድ የክንዱን ዙሪያ ግማሽ ሊቀርብ ይገባል አለችኝ፤ ከጠበበ ግፊቱን ያለልክ ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ ከሰፋ ደግሞ ዝቅ አድርጎ። ካፉ ለክንዱ መሆን አለመሆኑን የሚነግሩ መስመሮችና ቀስት ጨርቁ ላይ ይታተማሉ፤ እነሱስ የት አሉ ብላ ጠየቀችኝ። ጌጥ መስለውኝ ጣልኳቸው አልኩ።

«ጋሼ» አለችኝ ቀስ ብላ። «በዚህ ካፍ ምክንያት አንድ አራስ ልጅ ሐዋሳ ደርሶ ተመልሷል።»

የተረተርኩትን ክር ከጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ለቀምኩ።

ዶክተሯ ግን በዚያ ላይ አልቆየችም። ካፉ ስለተሳሳተ ብቻ ልጁ ደህና ነው ማለት አይደለም አለች፤ እስካሁን አናውቅም ማለት ነው። ለማወቅ በልኩ የሆነ ካፍ ያስፈልጋል። አምቡላንሱ ደግሞ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ካልተነሳ ቦሬ ጉም ላይ ይመሽበታል፤ ከዚያ በላይ ልታቆየው አትችልም። እስከ ስድስት ሰዓት ከየት እናመጣለን አለች ሲስተሯ።

«ከዚህ» ብዬ እጆቼን አሳየኋት።

ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ጨርቁ የተበላ፣ ፊኛው ግን ጤነኛ የሆነ የአዋቂ ካፍ ተጥሎ ነበር። እሱን አስወጣሁ። ከበሩ ማዶ ካለው ጎማ ለጣፊ ማስቲሽ አስመጣሁ። በረንዳው ላይ ከአኮ አጠገብ ተቀመጥኩና በመጀመሪያ ያደረግኩት ልክ መውሰድ ነው። የልጁን ክንድ በሜትር ለካሁ፤ በክር ደግሜ ለካሁ፤ ክሩን ሜትር ላይ ዘርግቼ አረጋገጥኩ። የፊኛውን ወርድ አራት ከግማሽ፣ ርዝመቱን ደግሞ ክንዱን ዞሮ ሊገናኝ ጥቂት የሚቀረው አድርጌ ቆረጥኩ። የአሮጌውን የሕፃን ካፍ ቱቦ ተከልኩበት። ጠርዙን በማስቲሽ ዘግቼ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፤ የነገሌ ፀሐይ ለማስቲሽ ማድረቂያ የተፈጠረች ናት። ጨርቁን በእጄ፣ ደቃቅ አድርጌ ሰፋሁት።

የአምቡላንሱ ሾፌር ሰዓቱን እያየ መጥቶ ቆመብኝ። አባባ፣ ለልጁ ካፖርት እየሰፉለት ነው እንዴ፣ ቦሬ ስንደርስ ይጠቅመዋል አለ።

«አንተ ዛሬ ቦሬ አትደርስም» አልኩት፣ ከመርፌው ቀና ሳልል።

አኮ ደግሞ በትሯን ተደግፋ ከላዬ ቆማ መንገዱ ይቀራል ወይ እያለች ትጠይቀኛለች። ዝም በሉኝ አኮ፣ እየለካሁ ነው አልኳት። ዝም አለች። አኮን ዝም ያሰኘ ሰው ከኔ በፊትም ከኔ በኋላም አልተሰማም።

ካፉን ይዤ ስገባ አምስት ሰዓት ሆኗል። ዶክተሯ ቃሌን አላመነችም፤ ማመንም አልነበረባትም። ከሜርኩሪ የግፊት መለኪያ ጋር አገናኘችው፣ ነፋችው፣ ሁላችንም የሜርኩሪውን ዘንግ እያየን ቆምን። ደቂቃዎች አለፉ። ሜርኩሪው ንቅንቅ አላለም፤ አየር አያፈስም ማለት ነው። ከዚያ ማሽኑ የሚለውንና ሜርኩሪው የሚለውን አስተያየች፤ ተስማሙ። ስፌቱን በጥፍሯ ፈተገችው። አንገቷን ነቀነቀች፤ እንደ እሷ ላለች ቁጥብ ልጅ ያ ጭብጨባ ነበር።

አሁን የቀረው ልጁ ነው፤ ልጁ ደግሞ ያለቅሳል። የሚያለቅስ ሕፃን አይለካም አለች ዶክተሯ፤ ሲያለቅስ ግፊቱም አብሮ ይወጣል። ትናንትም ዛሬም ሲለካ እየጮኸ ነበር፤ ጠባቡ ካፍ ራሱ ነው ያስጮኸው። ሲስተሯ ልጁን ወደ እናቱ አልጋ ወሰደችው። እናትየው ዓይኗ በትኩሳት ቀልቷል፤ ጡቷን አውጥታ ሰጠችው። ሲጠግብ አኮ ተቀብላ ደረቷ ላይ አስተኛችው። ከጠባም በኋላ ጥቂት መቆየት አለበት ተብሎ ተጠበቀ።

ክፍሉ ውስጥ ዝንብ ስትበር ይሰማል። ውጭ ግን ያ አምቡላንስ ይንተከተካል። ወጥቼ ሾፌሩን ሞተሩን አጥፋው አልኩት። ባትሪው ደካማ ነው፣ ካጠፋሁት አይነሳም አለኝ።

«ካልተነሳ እኔ እገፋዋለሁ» አልኩት። ያኔ ስድሳ ሊሞላኝ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ዓይኔን አይቶ አጠፋው።

ልጁ እንቅልፍ ያዘው። ዶክተሯ በጀርባው አጋደመችው፤ ቀኝ እጅጌውን አወለቀች፤ ካፉን ባዶ ክንዱ ላይ ጠመጠመች። ቀለበት ጣት ላይ እንደሚቀመጥ ተቀመጠ። አልጠበበ፣ አልተንጠለጠለ። ማሽኑ ነፋ፤ ልጁ ቅንድቡን ኮስተር አድርጎ መልሶ ተወው። ቁጥር መጣ። ዶክተሯ አልጻፈችውም። የመጀመሪያውን አልቆጥረውም፣ ሕፃን ሲነኩት ይደነግጣል አለች። ጠበቅን። ደግማ ነፋች።

ሰባ አራት።

ለአራት ቀን ሕፃን ልክ የሆነ ግፊት ነው፤ ጠዋት የተጻፈው ከመቶ በላይ ነበር። ሲስተሯ አፏን በመዳፏ ያዘች። ዶክተሯ ግን ፊቷ ላይ ምንም አላሳየችም። ጠብቀን ደግመን ለካን፤ ሰባ ሁለት። ደግመን ለካን፤ ሰባ አራት። ከዚያ ካፉን ወደ እግሩ አዛውራ ለካች፤ የክንዱና የእግሩ ግፊት ቢራራቅ ልቡ ላይ ያለ ነገር ይጠረጠራል አለች። አልተራራቀም። የሪፈሩን ወረቀት አንስታ ሁለት ቦታ ቀደደችው።

«የትም አይሄድም» አለች። «እናቱ ጋ ይተኛ።»

ሲስተሯ በኦሮምኛ ልትደግምላት ስትጀምር አኮ ገብቶኛል አለቻት። ልጁን አንስታ እናቱ ብብት ስር አስገባችው። እናትየው ልጁን እንደያዘች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አኮ ወደ እኔ መጥታ ቀኝ መዳፌን ገለበጠችና እንትፍ እንትፍ አለችበት። ሌላ አገር ስድብ ነው። እዚህ አገር ግን ሽማግሌ እንትፍ ሲል ምርቃት ነው፤ እኔም መዳፌን ሳልጠርግ እስከ ማታ ዋልኩ።

ወደ ውጭ ስወጣ ሾፌሩ ሞተሩን ሊያስነሳ ይታገላል፤ እምቢ ብሎታል። ቃሌ ቃል ነው፤ ገፋሁለት። ጥበቃውና ሁለት አስታማሚዎች አገዙኝ እንጂ ብቻዬን ያስነሳሁት ነበር።

ቀሪውን በአጭሩ ልጨርስ። ለድጋሚ ምርመራ የተቀጠረው ሁለተኛው ሕፃን በማግሥቱ ተጠርቶ በአዲሱ ካፍ ተለካ፤ ልክ ነበር። ሐዋሳ ደርሶ የተመለሰው ልጅ ቤት ደግሞ እኔው ራሴ ሄድኩ። አባትየው ካምፑ ውስጥ ያለ ወታደር ነው። በከንቱ መንገድ ያስለፋኋችሁ እኔ ነኝ አልኩት። ወንበር ሳበልኝና ሚስቱን ለእንግዳ ምሳ አቅርቢ አላት። እንዲህ ያለ ቅጣት ደግሜ አልተቀጣሁም።

ለዶክተሯ አራት ካፍ ሰፋሁላት፤ ለደቃቃው ሕፃን፣ ለመካከለኛው፣ ለወፍራሙና ለእግር። እያንዳንዱ ላይ እንደ ፋብሪካው መስመርና ቀስት በቀይ ክር ጠለፍኩበት፤ ያ ነገር ጌጥ እንዳልሆነ ከኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። እያንዳንዱንም ከሜርኩሪው ጋር ሳታስተያይ አልተቀበለችኝም። ከዓመት በኋላ የፋብሪካዎቹ መጡና የኔዎቹ ጡረታ ወጡ። ይውጡ። ሜትሬ ግን አልወጣም። ያን ቀን ልጁን የለካሁበትን ሜትር ዶክተሯ ለራሷ አስቀረችው፤ ማሽኑ አጠገብ ሚስማር ላይ ሰቀለችው። ማንም ሐኪም የሕፃን ግፊት ከመለካቱ በፊት ክንዱን እንዲለካ አዘዘች። እሷ ተዛውራ ከሄደች ቆይታለች፤ ትእዛዟ ግን እስካሁን አለ። ሜትሩ ቁጥሩ በለቀቀ ቁጥር አዲስ ወስጄ የምሰቅለው እኔ ነኝ። ዲግሪ ያላቸው ሰዎች በኔ ሕግ ይሠራሉ፤ አካሉን ሳይለኩ ጨርቁን አይነኩም።

አኮ ደግሞ ከሳምንት በኋላ ሱቄ መጣች። ልጇ ድና ሁሉም ወደ ቤት ሊገቡ ነው። ሕፃኑን የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ አጋደመችውና የመጀመሪያ ልብሱን ስፋ አለችኝ። ልክ ወሰድኩ፤ ደረቱን፣ ትከሻውን፣ ክንዱን። ክንዱ ላይ ስደርስ እጄን በበትሯ ነካ አደረገችኝ።

«ለቀቅ አድርግ» አለች። «አንተ ማጥበብ ትወዳለህ።»

ለቀቅ አደረግኩ። ከሰዓት በኋላ ስትመጣ ሸሚዙን አለበስነው። እጅጌው ውስጥ ሁለት ጣቷን አስገብታ ዙሪያውን ቀስ ብላ አዞረቻቸው፤ ጣቶቿ የትም አልተያዙም። ልጁ ዝም ብሎ ያየኛል።

«አሁን ተማርክ» አለችኝ።

አስተማሪ የለኝም እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ከአንዲት የጉጂ አሮጊት በቀር ብዬ እጨምርበታለሁ። ያን ሸሚዝ ልጁ ሁለት ዓመት ለብሶታል፤ ስፌቱ አንዲት ቦታ አልተተረተረም።